ስለ አስናቀች ወርቁ፦ “የመጀመሪያዋ” ማለት ሙገሳ አይደለም

ወዳጆቼ፣ የድሮና የአሁን ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የሌላችሁ ደሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የአስናቀች ወርቁ ፎቶ ፌስቡክ ላይ መዞር ይጀምራል። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስለሆነ ነው። ክራሯን አቅፋ የተነሳችው ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ደሞ ሁሌም አንድ ነው፦ “የመጀመሪያዋ ሴት የመድረክ ተዋናይ። ነፍስ ይማር።” ላይክ፣ ሼር፣ አለቀ።

ክፋት የለውም። ግን እስቲ እናስብበት። “የመጀመሪያዋ” የሚለው ቃል የሚነግረን መቼ እንደመጣች ነው፤ ስትመጣ ምን እንደሠራች አይነግረንም። ጠዋት አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቀድሞ የቆመውም ሰውዬ የመጀመሪያ ነው። ማንም ግን አያጨበጭብለትም። ማን ማንን ቀደመ የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ አስናቀች መወደስ ያለባት ቀድማ ስለመጣች ሳይሆን ትልቅ ተዋናይ ስለነበረች ነው። ማስረጃው ደሞ የሁላችንም ስልክ ውስጥ አለ። ዘፈን ብቻ ነው ብለን ስለምንሰማው ነው የሚያመልጠን።

ለልጆቹ ብዬ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

አገራችን ውስጥ ዘመናዊ ቴአትር ሲነሳ ሁሌም ቀድሞ የሚጠራው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም “የአውሬዎች ኮመዲያ” ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የታየ። እንስሳቱ ሹማምንቱን የሚነኩ መሰሉና ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም። ቴአትርም ለዓመታት ተከለከለ። ቀጥሎ ዮፍታሔ ንጉሤ መጣ። ዮፍታሔ እንደኛው መምህር ነበር። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ስለሆነ ተውኔቱን በቅኔና በዜማ እየሞላ በተማሪዎች ያሠራ ነበር። ከዚያ በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዘፈኑም፣ ጭፈራውም፣ ድራማውም እዚያ አንድ መድረክ ላይ ይቀርብ ጀመር። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ዘፈንና ትወና እኛ አገር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ሆነው አልተወለዱም። መንትያ ናቸው። ድራማ የሚሠራው ይዘፍናል፤ የሚዘፍነው ድራማ ይሠራል። ፈረንጅ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለው ነገር እኛ ጋ ስም ሳይወጣለት ነው የኖረው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን መድረክ ላይ እናት፣ ሚስት፣ እጮኛ የምትሆነው ማን ነበረች? ማንም። ወንድ ነበር የሚሆናት። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ። ተመልካቹም ለምዶት ነበር። ጨዋ ሴት ሰው ፊት ቆማ “እወድሃለሁ” ማለት አይገባትም ይባል ስለነበር፣ ፍቅሩን ሁለት ወንዶች ይጫወቱት ነበር።

አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ “የፍቅር ጮራ” በተባለው ድራማ መድረክ ላይ የወጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። እሷም ከዚያ በኋላ ብዙ ዕድሜዋን በዚያ ቤት አሳልፋለች። ከፊት ለፊቱ የድንጋይ አንበሳ የቆመበት ቤት ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ገብታችሁ የምታውቁ ግን ስንቶቻችሁ እንደሆናችሁ አልጠይቅም።

አሁን ያቺን ሴት አስቧት። አንደኛ፣ ሴት ናት። ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ ትወጣለች። ሦስተኛ፣ ክራር ይዛለች። በገና የዳዊት ነው፣ የጸሎት ነው ይባላል፤ ክራር ግን የዓለም ነው፣ የመሸታ ቤት ነው። የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚሉም ነበሩ። ሦስት የስድብ ምክንያት በአንድ ሰው ላይ ተገናኘ። “አዝማሪ” ለማለት ለሚቸኩል ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፦ “ቲቸር፣ አንተ ገና በሠላሳዎቹ ነህ። መድረክ ላይ አላየሃትም። ባላየኸው ትወና እንዴት ታወድሳለህ?”

ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ አላየኋትም። እናንተም አላያችሁም። ቴሌቪዥን ራሱ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እሷ መድረክ ላይ ከወጣች ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። የቴአትር ነገር እንዲህ ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ሥራው አብሮ ይሄዳል። ገጣሚ መጽሐፍ ይተዋል፤ ሠዓሊ ሸራ ይተዋል፤ የመድረክ ተዋናይ ግን ባየው ሰው ልብ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ያ ሰው ሲሞት ደሞ አብሮ ይቀበራል።

አስናቀች ግን አንድ ዕድል አላት። ትወናዋን ይዛው የዞረችበት ዕቃ ነበራት፤ ክራሯ። በ1960ዎቹ የቀረጸቻቸው ዘፈኖች አሉ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው “ኢትዮፒክስ” በተባለው ተከታታይ ውስጥ 16ኛው የእሷ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። “ባለ ክራሯ እመቤት” ነው ያሉት። ራሔል ሳሙኤል የሠራችው “አስኒ” የሚባል ዘጋቢ ፊልምም አለ። ስለ ክራሯ የሚያወራ ብዙ ነው። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ዘፈን መሆኑን ለአንድ ጊዜ ርሱትና እንደ ቴአትር ስሙት። ዓይናችሁን ጨፍኑና መድረክ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች በሉ።

መጀመሪያ የምትሰሙት፣ መናገሯን ነው። አስናቀች ስትዘፍን ከዘፈን ይልቅ ለንግግር ትቀርባለች። አንድ ሰው ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ይመስላል። አንዳንዱን ቃል ከፍ አድርጋ ትጥለዋለች፤ አንዳንዱን ደሞ ለሰውዬው ብቻ እንዲሰማ ዝቅ ታደርገዋለች። እኔ ክፍል ውስጥ ተውኔት ሳስተምር የማሠራው መልመጃ አለ፤ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። “መጣህ?” የሚለውን አንድ ቃል በአምስት ዓይነት በሉ እላለሁ። በደስታ፣ በወቀሳ፣ በፍርሃት፣ በፌዝ፣ ተስፋ ቆርጦ። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰውዬው ግን አምስት ነው። አስናቀች ይሄን በአንድ ዘፈን ውስጥ ስትሠራው ትሰማላችሁ። የፍቅር ስንኙ ያው የፍቅር ስንኝ ነው፤ አንዴ የምትለምን፣ አንዴ የምታሾፍ፣ አንዴ ደሞ “አውቄብሃለሁ” የምትል ሌላ ሴት ትሆናለች። ይሄ የድምፅ ችሎታ ብቻ አይደለም። ትወና ነው።

ሁለተኛ፣ ዝምታዋን ስሙ። ስንኝ ጨርሳ ቶሎ ወደሚቀጥለው አትሮጥም። ትጠብቃለች። ሰምና ወርቅ ያስተማርኳችሁ ይሄን ታውቃላችሁ፤ ወርቁ የሚገባው ቃሉ ሲነገር አይደለም፤ ከተነገረ በኋላ ባለችው ቅጽበት ነው። ሰሚው “ኧረ!” እስኪል ድረስ ጊዜ ካልሰጣችሁት ቅኔው ባክኖ ቀረ። ያቺን ቅጽበት መለካት የሚችል የሰለጠነ ተዋናይ ነው። ቢቸኩል ሳቁን ያጣል፤ ቢዘገይ ሰው ይሰለቻል። አስናቀች ይሄን የምትለካው ጆሮዋ ሰው መስማት ስለለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ ክራሩን ስሙት። ክራር አምስት ወይ ስድስት ክር ያለው ዕቃ ነው። ሲደረደር አንድ ነገር ነው፤ ሲገረፍ ሌላ ነው። በአብዛኛው ዘፋኝ እጅ ላይ ክራር አጃቢ ነው፤ ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል። በእሷ እጅ ግን ሁለተኛ ተዋናይ ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። እሷ ስትሸሽገው እሱ ያወጣዋል። አንዳንዴ አፏ “ረስቼሃለሁ” እያለ ክራሩ “ውሸቷን ነው” ይላል። ሁለት ሰው የሚጠይቀውን ትዕይንት ብቻዋን፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ በአንድ ዕቃ ትሠራዋለች።

አሁን ጥያቄውን ገልብጬ ልጠይቅ። ይሄን ከየት ተማረችው? በዚያ ዘመን የቴአትር ትምህርት ክፍል ገብታ አልነበረም። መልሱ ያ ስድብ ራሱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አዝማሪ ምንድን ነው የሚሠራው? ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ፊት ያነባል። ማን እንደከፋው፣ ማን እንደጠገበ፣ ማን ከሚስቱ ተደብቆ እንደመጣ በአንድ እይታ ይለያል። ለእያንዳንዱ የሚሆን ስንኝ እዚያው ይፈጥራል፤ ያስቀዋል፣ ይወጋዋል፣ መልሶ ያባብለዋል። ተመልካችን ማንበብ፣ ጊዜን መለካት፣ ሰው መሆን። የትወና ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሌላ ምንድን ነው? አስናቀች ከአዝማሪነት ሸሽታ አርቲስት የሆነች አድርገን የምናወራው ነገር ደስ አይለኝም። የአዝማሪን ጥበብ ይዛ ነው መድረኩ ላይ የወጣችው። የሰደቧት ሰዎች ሳያውቁት የሙያዋን ስም ነው የጠሩት።

ሙገሳ ብቻ ከሆነ ደሞ ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ ስለዚህ የማይጥመኝንም ልናገር። ድምፅ ብቻ ከተባለ አስናቀች ትልቅ ድምፅ የላትም። ብዙነሽ በቀለ ከሙሉ ባንድ ጋር ቆማ አዳራሽ የምትሞላበት ዓይነት ጉልበት ከእሷ አትጠብቁ። አንድ ሙሉ አልበም በአንድ ቁጭታ ከሰማችሁት ደሞ ዘፈኖቹ መመሳሰል ይጀምራሉ። ስንኞቹም ሁልጊዜ በአንድ ሐሳብ አይያያዙም፤ አንዱ ስለ ናፍቆት፣ ቀጣዩ ስለ ሌላ። እንደ ድርሰት ብታርሙት ቀይ እስክሪብቶ ይበዛበታል። ግን ይሄም ራሱ ወደ ነጥቤ ይመልሰኛል። እነዚህ ዘፈኖች ተመልካች ፊት ሊኖሩ የተሠሩ ናቸው። ስንኞቹ የሚያያዙት ሐሳቡ ውስጥ አይደለም፤ በሴትየዋ ፊት ላይ ነው። ካሴት ላይ የጎደለን እሱ ነው። በዘፋኝነቷ ብቻ ከመዘንናት የምትጎድለውን ያህል፣ በተዋናይነቷ ስንመዝናት ትሞላለች።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው የድሮ ሰው ስለናፈቀኝ አይደለም። ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ለወላጆች ቀን አጭር ድራማ አዘጋጀ። ልጇ በስደት ወጥቶ ድምፁ የጠፋባት እናት ታሪክ ነው። እዚህ ኮልፌ ላለ ሰው ይሄ ተረት አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው። እናቲቱን የምትሠራው የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ልምምድ ላይ ግን በሕልሟ ልጇን አይታ “መጣህ?” ስትል፣ ከኋላ ወንበር ሲያወሩ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ዝም አሉ። አንዱ አንገቱን ደፋ። ወንድሙ ከሄደ ዓመት አልፎታል።

ሳምንት ሲቀረው አባቷ መጡ። አጠና ተራ ነው የሚሠሩት፤ እጃቸው ላይ ሙጫው ሳይለቅ ነው የመጡት። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልጮሁም።

“መምህር፣ አክብሬዎት ነው የመጣሁት” አሉኝ። “ልጄን ለትምህርት ነው የላክኋት። አሁን መድረክ ላይ ትወጣለች ሲሉኝ ሰማሁ። አዝማሪ ልትሆን ነው?”

“ጋሼ፣ ይሄም ትምህርት ነው፤ እናት ሆና ነው የምትሠራው” አልኳቸው።

“እናትነቱ ሲደርስ ይደርሳል። ሰፈር ያወራል፣ መምህር። እርስዎ እዚህ ተናግረው ወደ ቤትዎ ይገባሉ፤ እኔ ነኝ ከሰው ጋር የምኖረው።”

ብዙ ለመንኳቸው። አልሆነም። አልፈርድባቸውም፤ የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ነው፤ ሰፈር ያወራል። ሌላ ሴት ልጅ ፈለግን፤ የሁለቱ ቤተሰብ እምቢ አለ፤ ሌሎቹ ራሳቸው ፈሩ። በመጨረሻ እናቲቱን ወንድ ልጅ ሠራት። ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ። “መጣህ?” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ የቻለውን ሠርቷል። ግን ልጃቸው የጠፋባቸው እናቶች እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እነሱ አልሳቁም።

“የመጀመሪያዋ” እያልን በየዓመቱ ፎቶ የምንለጥፈው እኮ ያ ነገር ያለፈ መስሎን ነው። ከሰባ ዓመት በፊት አስናቀች ሰብራዋለች፣ አለቀ፣ እንላለን። አላለቀም። እኛ ሰፈር ዘንድሮም ወንድ ልጅ ሻሽ ያስራል። “የመጀመሪያዋ” የሚለው ቃል ጉዳቱ ይሄ ነው፤ ሥራውን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ጥሎ እኛን ነፃ ያወጣናል። መጀመሪያ ያለው ነገር ደሞ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መቶኛ ይፈልጋል።

አባትየውን በ“የመጀመሪያዋ” ማሳመን አልቻልኩም። ለእሳቸው መጀመሪያ መሆን ማለት መጀመሪያ መሰደብ ማለት ነው። ምናልባት የሚያሳምናቸው ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ ሙያ መሆኑን ማየት። ልክ አጠናውን ዓይተው ቀጥ ያለውንና የሚሰነጠቀውን እንደሚለዩት፣ ልጅቷም ቃልን እንደዚያ ትለያለች። “መጣህ?” ብላ ሰላሳ ጎረምሳ ዝም ማሰኘት ዓይን አውጣነት አይደለም። ችሎታ ነው። ችሎታን ደሞ የአገራችን ሰው ያከብራል፤ ችሎታ መሆኑ ከተነገረው። የማንነግረው እኛ ነን። ስለ አርቲስቶቻችን ስናወራ ስለ ልደታቸው፣ ስለ ችግራቸው፣ ስለ ቀብራቸው እናወራለን፤ ሥራውን እንዴት እንደሠሩት ግን አናወራም። ታዲያ ሰው ከየት አውቆ ያክብረው?

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ የአስናቀችን አንድ ዘፈን ስሙ። አንድ ብቻ። ዕቃ እያጠባችሁ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ። ከዚያ የሰማችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ “ነፍስ ይማር” አይበቃም። የቷ ቃል ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች? የት ላይ ዝም አለች? የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ የቤት ሥራ ነው፤ ማርክ የለውም እንጂ።

ሁለተኛ፣ ቴአትር ሂዱ። እኛ የምዕራብ ሰዎች ሩቅ ነው ማለት አንችልም። ከጦር ኃይሎች ባቡር ተሳፈሩ፣ ለገሃር ውረዱ፣ ትንሽ በእግር ነው። አሁንም እዚያ መድረክ ላይ በየሳምንቱ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚሠሩ ተዋናዮች አሉ። ወጥታችሁ “አሪፍ ነበር” ብቻ አትበሉ። ምኑ እንዳማረ፣ ምኑ እንዳላማረ ተናገሩ። ተዋናይ የሚያድገው በጭብጨባ ብቻ አይደለም። የቴአትር ቤት ሰዎች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ደሞ፣ እባካችሁ ሥራችሁን ቅረጹት። ካሜራ ዛሬ በኪሳችን ነው። የልጅ ልጆቻችን እናንተን በፎቶ ብቻ እንዳያውቋችሁ።

ሦስተኛው ለወላጆች ነው። ከድሮ ተማሪዎቼ አሁን የወለዳችሁ አላችሁ፤ የልጆቻችሁን ፎቶ እያየሁ ነው፣ እግዜር ያሳድግላችሁ። አንድ ቀን ሴት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ “ድራማ ላይ ልሠራ ነው” ትላችኋለች። ያኔ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ይምጣ። እናንተ ግን “አዝማሪ ልትሆኚ ነው?” አትበሏት። “ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?” በሏት። ከዚያ ሂዱና ከፊት ተቀመጡ።